የማህጁብ ሞተርና የጃለታ ጣሳ

ሽማግሌ ሆኜ የተላክሁት ዕድሜዬ ደርሶ አይደለም፤ ኮት ስላለኝ ነው። ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ አሶሳ ስገባ ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበር። የቢሮዎቹ ግድግዳ ቀለም እጅ ላይ ይቀራል፤ ኃላፊው ሁሉ ወንበር ፍለጋ ላይ ነው። በዚያ ሙቀት ኮት የሚለብስ ሰው ደግሞ ከእኔ በቀር እምብዛም አልነበረም። ስለዚህ ጎረቤቴ ጃለታ ሚስት ለመጠየቅ ሲነሳ መጀመሪያ ያንኳኳው የእኔን በር ነው። ዘመዶቹ ያሉት ሩቅ ወለጋ ነው። «መምህር ደባልቄ፣ ዝም ብለህ ብትቀመጥ እንኳ ይበቃል» አለኝ። ዝም ብዬ ብቀመጥ ኖሮ ደግ ነበር።

ጃለታ አንዲት የጭነት መኪና አለችው፤ ወደ ሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ የእርዳታ እህል ያመላልስባታል። ታታሪ ነው፣ አመሉም ሸጋ ነው። አንድ በሽታ ግን አለበት፤ ክርክር መሸነፍ አይችልም። በዚያ ዓመት የያዘው ክርክር ስለ ጣሳ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ሲሠራ ከሆዱ ትንፋሽ ይወጣል። ትንፋሹ ጉም የመሰለ ዘይት ይዞ በጎማ ቱቦ ይዞርና ሞተሩ አየር ወደሚስብበት አፍ ይመለሳል። እንደ ጃለታ መኪና ናፍታው በቀጥታ ፒስተኑ አናት ላይ በሚረጭበት ሞተር ላይ፣ ያ ዘይት ከጥላሸት ጋር ተጋግሮ የአየር መግቢያውን ይደፍነዋል ብሎ አንድ ሱዳናዊ ሾፌር ሸርቆሌ ላይ ነገረው። ጃለታ በዚያው ቀን ቱቦውን ቆርጦ መሃሉ ላይ የዱቄት ወተት ጣሳ አሰረ። ዘይቱ ጣሳው ውስጥ ይቀራል፣ ትንፋሹ ንጹሕ ሆኖ ያልፋል ነው ሐሳቡ።

ይህን ጣሳ አይቶ የሳቀው ማህጁብ ነው። ማህጁብ የአሶሳ ተወላጅ የሆነ የበርታ ሰው ነው፤ መካኒክ ነው፤ የጃለታም የልብ ወዳጅ ነው። ያንን ሞተር አውርዶ፣ ፋሻ የሚሉትን የፒስተን ቀለበት ቀይሮ፣ እንደ አዲስ የገጠመው እሱ ነበር። ክርክሩም አጭር ነበር።

«ሞተር ደህና ከሆነች ጣሳ ባዶ ነው» ይላል። «ጣሳ ከሞላ ሞተር አልቃለች፣ ፋሻ ትፈልጋለች። ታዲያ ጣሳ ለምን?»

ጠመኔ እንጂ ሞተር ለማላውቀው ለእኔ ይህ የተዘጋ መዝገብ ነበር። ለጃለታ ግን ገና መክፈቻው ነበር። ማታ ማታ በሰፈራችን በሰንበቴ ሻይ ቤት ሌላ ወሬ ጠፋ። ሾፌሮች ጣሳ፣ የግብርና ባለሙያዎች ጣሳ፣ ደመወዝ የዘገየባቸው መምህራን ሳይቀሩ ጣሳ! እኔ ራስ ምታቴን ይዤ ቤቴ እገባለሁ። በመጨረሻ ጣሳው ራሱ ይፍረድ ተባለ። ጃለታ ሸርቆሌ ደርሶ ሲመለስ በሰው ፊት እንዲከፈት ተስማሙ።

አሁን የምነግራችሁን እኔ ያወቅሁት ኋላ ነው፤ እናንተ ግን ቀድማችሁ ካላወቃችሁት የደረሰብን ጣጣ አይገባችሁም። ጃለታ አሶሳ ሳይገባ መንገድ ዳር ቆመና ጣሳውን ለብቻው ከፈተ። ያገኘው አንድ ማንኪያ የማይሞላ፣ ወተት የገባበት ሻይ የመሰለ ነገር ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ሞተሬ ጤነኛ ነው ብሎ አምላኩን ያመሰግናል። ጃለታ ግን ከመቀመጫው ሥር አሮጌ ዘይት ያለበትን ጄሪካን አወጣና ጣሳውን እስከ አንገቱ ሞላው።

ሻይ ቤቱ በር ላይ ሲከፍተው ሰው አጨበጨበ። ማህጁብ ጣቱን ነክሮ አየው፤ ፊቱ ተለወጠ። የእጁ ሥራ በዓመቱ እንደፈረሰ አመነ። እንዲያውም ጃለታን ወደ ጎን ጠርቶ ሞተሩን በነጻ እንደገና ላውርድልህ አለው። ጃለታ «ጣሳው እያለ ምን አስጨነቀህ» ብሎ ሳቀ። ማህጁብ ከዚያ በኋላ ሻይ ቤት መምጣት ተወ፤ ሥራም ሲሰጡት «ሌላ መካኒክ ፈልጉ» ይል ጀመር።

እሑድ በጃለታ መኪና የልጅቷ ቤተሰብ ወዳለበት ወደ ባምባሲ ወጣን። ሽማግሌዎቹ እኔ፣ ማህጁብና ከቡለን የመጣው ወንጌላዊ ቦዔዝ ነን። ልጅቷ ሜቲ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። ከጃለታ ጋር ከተዋደዱ ቆይተዋል፤ የቀረው የአባቷ የኦቦ ገረሱ ቃል ነው። ቃሉ ከተከለከለ ሜቲ አባቷን ረግጣ እንደማትወጣ ጃለታ ያውቃል፤ ለዚህም ነው ያን ሳምንት እህል ያልቀመሰው። ጣሳውን ግን አልደፋውም ነበር። በየደረሰበት ሲያሳየው ሰንብቶ ጨርሶ ረስቶታል።

ሙሽራ ለመሆን የሚያስብ ሰው በዚያ ቀን የልጅቷን ቤት አይገባም። ስለዚህ ጃለታ ውጭ ማንጎው ሥር ከመኪናው ጋር ቀረ፤ እኛ ገብተን ተቀመጥን። ቦዔዝ ጸለየ። ኦቦ ገረሱ የልጁን ጎሳና ሃይማኖት ጠየቁ፤ ቦዔዝ አሳምሮ መለሰ። መተዳደሪያውስ ሲሉ እኔ ኮቴን አስተካክዬ «የራሱ መኪና አለው፤ ሞተሩ ከአዲስ አይተናነስም» አልኩ። ማህጁብ መሬት መሬት አየ። የኦቦ ገረሱ ዓይን ግን በራ። ዕድሜያቸውን በሙሉ በወለጋ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው መሆናቸውን ማንም አልነገረኝም! «እስቲ እንየው» ብለው ተነሱ፤ እኛም ተከትለናቸው ወጣን።

ጃለታ ሞተሩ እንዲታይ ጋቢናውን ወደ ፊት ገለበጠላቸው። ጎረቤት ተሰበሰበ። ኦቦ ገረሱ የሞተሩን ቀበቶ ነካ ነካ አደረጉ፣ ቱቦውን በጣታቸው ተከተሉ፣ ጣሳው ጋ ሲደርሱ ከፍተው አዩ።

«ይሄ የስንት ጊዜ ነው?»

«የአንድ የሸርቆሌ ደርሶ መልስ ነው፣ ኦቦ» አለ ጃለታ፤ አፉ ለምዶበታል። «ጣሳው ባይኖር ይሄ ሁሉ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባ ነበር።»

ኦቦ ገረሱ ጣታቸውን በማንጎ ቅጠል ጠረጉ። ወደ እኛ ዞሩ። «ይህ ሞተር አልቋል። ባለቤቱ ደግሞ ማለቁን እያየ ይኮራል። ልጄን በዚህ ላይ አልጭንም» አሉ።

ሜቲ የሻይ ትሪ ይዛ በር ላይ እንደቆመች ቀረች። ጃለታ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነ። እውነቱን ቢናገር ውሸታም ነው፤ ዝም ቢል ሞተር የሞተበት ሞኝ ነው። ኦቦ ገረሱ ግን አልጨረሱም፤ ይህን ሞተር የገጠመው ማነው ብለው ጠየቁ።

ማህጁብ እጁን በቀስታ አነሳ። «እኔ ነኝ፣ አባ። ሥራ ተበላሽቷል። ጥፋት የእኔ ነው፣ የእሱ አይደለም። ልጅ ጥሩ ልጅ ነው።»

መካኒክ በሰው ፊት እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ጃለታም አላስቻለውም።

«እኔ ነኝ የሞላሁት» አለ። መንገድ ዳር መቆሙን፣ ማንኪያ የማትሞላዋን ጠብታ፣ ጄሪካኑን፣ ሁሉንም ዘረገፈው። አንዲት ጎረቤት ሳቋ አመለጣትና አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ማንኪያ ብቻ?» አለ ማህጁብ።

«እሱም አይሞላም።»

ማህጁብ ፊቱን ወደ ማንጎው ግንድ አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ማልቀሱ ገባኝ። ከዚያ ተመልሶ ዞረና በበርታኛ ብዙ ነገር ተናገረ፤ ቋንቋውን ባለማወቄ የተደሰትሁት ያን ዕለት ነው። ቦዔዝ መሃል ገባ።

ኦቦ ገረሱ እጃቸውን አነሱ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የለም፤ ሽማግሌና ላኪው ሳይታረቁ እዚህ ግቢ የጋብቻ ወሬ አይነሳም አሉ። ማህጁብን ምን እንዲካስ እንደሚፈልግ ጠየቁት።

«ጣሳ አይጠቅምም ይበል» አለ ማህጁብ። «እዚህ፣ ሰው ፊት።»

ቀላል ነገር መስሎን ነበር። ያ ልጅ ውሸታም ነኝ ብሎ ሲያምን ትንፋሽ አላጠረውም፤ ይህቺ ግን ከአፉ አልወጣ አለች። እኔን አየ፣ ሰማዩን አየ። ቦዔዝ ሳል ሳል አለው። እኔ ከኋላ ቆነጠጥሁት። «እንግዲህ እውነቱን ለመናገር፣ ፋሻው አዲስ ሲሆን እንኳ፣ ብዙም ባይሆን...» ብሎ ጀመረ። ማህጁብ ራሱን ነቀነቀ። ሜቲ ትሪውን አስቀመጠችና ወደ ውስጥ ልትገባ ዞረች።

«አይጠቅምም» አለ ጃለታ፤ የዘመድ ሞት የሚያረዳ ሰው ድምፅ ነው።

የማህጁብ የድሉ ሰዓት ይህ ነበር። ያን ሁሉ ማታ የተሟገተው ለዚህች ቃል ነው። ግን አንገቱን ደፍቶ የቆመውን ጓደኛውን አየና አላስቻለውም።

«አባ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ትንሽ ትጠቅማለች። ክረምት ላይ ከትንፋሽ ውሃ ትይዛለች። ትንሽ።»

ጃለታ ቀና አለ። ልቡ ለክርክር እንደተነሳ ከዓይኑ አይቼ እንደገና ቆነጠጥሁት። ኦቦ ገረሱ አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ፤ ሄደው የማህጁብን ክንድ ያዙ።

«ልጁን ገና አላውቀውም» አሉን። «እንዲህ ያለ ወንድም ካለው ግን የሚመጣው እሑድ ተመለሱ። ይሄኛውን ሳትይዙ እንዳትመጡ።»