ሾርባው ወዴት ፈሰሰ?

ታክሲ ነጂው ንሲያ እንደሚለው፣ ፍየል ዘላ መንገድ ገባች፤ ፍሬን ያዘ፤ ታክሲዋም ቆመች። በቃ። የታክሲዋ ጭራ ትንሽ ወደ ጎን ከማለቱ በቀር የተፈጠረ ነገር የለም።

ማሜ ፖኩዋ እንደሚሉት ደግሞ፣ ፍየል የሚባል ነገር በአካባቢው አልነበረም። ያቺ አሮጌ ታክሲ ወገቧን ሰብቃ ዞረችና የመጣችበትን መንገድ ማየት ጀመረች። እሳቸው የተቀመጡት ከኋላ ወንበር ነበር፤ ሻሻቸው ግን መሪው ላይ ተጠምጥሞ ተገኘ።

ንሲያን ያስጨነቀው የሻሹ ነገር አልነበረም። ማሜ ፖኩዋ የቢራጎ እናት ናቸው። ቅዳሜ አጎቶቹ መጠጥ ይዘው በራቸውን ሊያንኳኩ፣ ቢራጎን ለሚስትነት ሊጠይቁለት ተቀጥሯል። ማሜ ግን በሾርባ ቤታቸው፣ ደንበኛ ሁሉ እየሰማ፣ "መኪና ቀጥ አድርጎ ማቆም ላልቻለ ሰው ልጄን አልሰጥም! ቢያንኳኩ እጃቸውን ይመማቸው እንጂ በሬ አይከፈትም" ብለዋል።

በማግስቱ ንሲያ ታክሲዋን ወደ ኩማሲ ከተማ የጋራዦች ሰፈር ነዳት። የኋላ ፍሬኖቿን በቅርቡ የሠሩት ቤዲያኮና ፍሬምፖንግ ነበሩ፤ በአንድ ማንጎ ጥላ ሥር ሲነቋቆሩ የሚውሉ ሁለት መካኒኮች። ማን ቀድሞ ይጨርሳል ብለው ተወራርደው ቤዲያኮ የግራውን፣ ፍሬምፖንግ የቀኙን ባንድ ጊዜ ፈትተው እየተሽቀዳደሙ ገጥመው ነበር።

"የኔ ጎማ እንከን አይወጣለትም" አለ ቤዲያኮ። "ያንን ሰውዬ ጠይቀው።"

"እኔን? የኔ ፍሬን ባቡር ያቆማል!"

"እዚህ አገር ባቡር የት አየህና?"

"አቁሜው ነዋ የማታየው!"

ንሲያ መሃላቸው ገባ። "ጌቶቼ፣ እኔ ሚስት ላጣ ነው። እስቲ አንዳችሁ የሌላውን ሥራ ፈትሹ።"

እንዲህ ያለ ደስ የሚል ሥራ ታዘው አያውቁም። ክሪኩን ተሻምተው መኪናዋን አነሡ፤ እያንዳንዱ ወደ ባላንጣው ጎማ ሮጦ ከበሮ የሚመስለውን የፍሬን ታምቡር አወለቀ።

"አገኘሁት!" አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

የፍሬኑ ሸራ ሲያልቅ ወደ ታምቡሩ የሚያስጠጋው ማስተካከያ ብሎን በየጎማው አንድ አንድ አለ። የግራው ጥርስ ከቀኙ በተቃራኒ ነው የሚዞረው። ቤዲያኮ የግራውን ብሎን ቀኝ ጎማ ውስጥ አገኘው፤ ፍሬምፖንግም የቀኙን ግራ ጎማ ውስጥ። ብሎኖቹ ሸራውን ማስጠጋት ሲገባቸው ሲያሸሹት ከርመዋል፤ ያውም አንዱ ከሌላው እየፈጠነ። ታክሲዋ ስትቆም ወደ ጎን የምትዞረው ለዚህ ነው።

"ብሎኔን ሰርቀህ ነው ለካ የቀደምከኝ!"

"አንተ ነህ እንጂ የኔን የወሰድከው፣ ሌባ!"

"ቆይ፣ ብሎኖቹን ስትፈቱ የት ነው ያጠባችኋቸው?" አለ ንሲያ።

ሁለቱም ዞረው ማንጎው ሥር ያለውን ሳፋ አዩ። ሳፋው አንድ ነው፤ ሁለቱም ብሎኖች የታጠቡት እዚያው ውስጥ ነው።

"ሳፋው የሱ ነው" አለ ቤዲያኮ ቀስ ብሎ።

"ያጠብንበት ላምባ ግን የሱ ነው" አለ ፍሬምፖንግ።

ከዚያ በኋላ ንሲያ አንዱ ጎማ ሳይገጠም ሌላውን ማንም እንዳይነካ ከለከለ። አንዱ ሲሠራ ሌላው እጁን አጣጥፎ ቆመ፤ አፉን ግን አላጣጠፈም።

በዚያ ሰፈር ደንብ፣ ፍሬን የሠራ ሰው በሙከራው ጊዜ ራሱ መኪናዋ ውስጥ ይቀመጣል። ሁለቱ ከኋላ ሲገቡ፣ ሙከራውን እንዲያዩ ንሲያ የላከባቸው ማሜ ፖኩዋ የቀዘቀዘ፣ ቀይ ዘይታም የዘንባባ ፍሬ ሾርባ በትልቅ ሳህን ጢም አድርገው ሞልተው ደረሱ። ሳህኑን የኋላው ወንበር ላይ፣ በሁለቱ መካኒኮች መሃል አስቀመጡት።

"ወደ ጎን ከፈሰሰ መኪናዋ አልተሠራችም ማለት ነው" አሉ። "እዚያ ምሰሶው ጋ እቆማለሁ። እጄን ሳነሣ ታቆማለህ።"

ንሲያ ጥቂት ወደ ኋላ ሄዶ ዞረና መጣ። እጃቸው ብድግ ሲል ቢራጎም፣ ቅዳሜም፣ አጎቶቹም ባንዴ ታዩትና ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠው። ታክሲዋ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብላ ቆመች። ሾርባው ግን አልቆመም። ከሳህኑ ተነሥቶ የንሲያ ማጅራትና ነጭ ሸሚዝ ላይ አረፈ።

መካኒኮቹ ወረዱ። ሱሪያቸው ላይ አንዲት ጠብታ የለም። ተቃቀፉ፤ ሳይላቀቁም የማን ጎማ አጥብቆ እንደያዘ መጨቃጨቅ ጀመሩ።

ማሜ ጎንበስ ብለው ወንበሩን ግራና ቀኝ መረመሩ። የታክሲዋን ጣራ መታ መታ አደረጉ።

"አንቺ እንኳን ንጹሕ ነሽ፤ ስምሽን ያጠፋሁት በከንቱ ነው" አሏት። ከዚያ ቀይ ዘይት ወደሚንጠባጠብበት ሾፌር ዞሩ። "እግርህ ነው እንጂ! ምን አየሁ ብለህ ነው እንዲህ የምትረግጠው?"

"እማማ፣ ያን ዕለት እኮ ፍየሏ..."

"ዛሬስ? ዛሬ ፊትህ የቆምኩት እኔ ነኝ!"

ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ማሜ ራሳቸው ሳቃቸውን መግታት አቅቷቸው በልብሳቸው ጫፍ ማጅራቱን ጠረጉለት። ሲጨርሱ ቀና ብለው ለተሰበሰበው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ ተናገሩ።

"ስሙኝ! ቅዳሜ አጎቶቹ ይምጡ፣ ያንኳኩ፤ በሬን እከፍታለሁ። ግን በእግራቸው ይምጡ!"