ወንዙ ሲጠብ

ጀልባዋ ወንዙ መሃል ስትደርስ ሆዷ ጠጠሩን ፋቀና ቆመች።

"ካፒቴን፣ መልሕቅ ጣልክ እንዴ?" አለ የሽንኩርት ነጋዴው። ሌሎቹ ሦስት ተሳፋሪዎች ሳቁ።

ቀዛፊው ሱሪውን ሰብስቦ ወረደ። ውሃው ጉልበቱ ጋ እንኳ አልደረሰም። ትከሻውን ከጀልባዋ ኋላ አስደግፎ ቢገፋ፣ ደግሞ ቢገፋ፣ ንቅንቅ አልል አለችው። ነጋዴው ጫማውን አውልቆ "ተወው ባክህ፣ ለዚህች ምን ያስለፋሃል" አለና በእግሩ ተራመደ። ሌሎቹም ተከተሉት። ማዶ ሲደርሱ አንዲት ሴትዮ ዞር ብላ "አይዞህ፣ ውሃው ሲመለስ እኛም እንመለሳለን" አለችው። የነጋዴውን ቀልድ ችሎት ነበር፤ ይህን ማባበል ግን አልቻለውም።

ሰዎቹ ሲወርዱ ጀልባዋ ቀለል ብሏት ስለነበር እየጎተተ ወደ መነሻው ዳርቻ መለሳት። እዚያ የውሃ ቢሮዋ ባለሙያ ጎንበስ ብላ፣ ውሃው ውስጥ ከተተከለው ባለ ቁጥር ዘንግ ላይ እያነበበች ትመዘግባለች። በየሁለት ሳምንቱ በሞተር ብስክሌት የምትመጣ ወጣት ናት።

"ስንት ሆነ፣ የኔ ልጅ?"

"ሠላሳ አራት ሳንቲ ሜትር። ባለፈው አርባ አንድ ነበር።"

"እንዴ! ላይ አገር እኮ አምስት ቀን ሙሉ ዘነበ አሉ።"

"እውነት ነው ጋሼ፣ ደህና አድርጎ ጥሏል።"

"ታዲያ ውሃው የት ገባ?"

ልጅቷ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰካች። "መሬቱ ጠጣዋ! ሁለት ዓመት የተጠማ መሬት ነው። መጀመሪያ አፈሩ ይጠጣል። እሱ ሲጠግብ ወደ ታች ያሰርጋል። ከዚያ ምንጮቹ ይነቃሉ፣ ከዚያ ገባሮቹ። እዚህ ታች የሚደርሰው ሁሉም ከጠጣ በኋላ ነው። ውሃው የሚመለሰው ድርቁ በመጣበት ተራ ነው።"

"እና መቼ ይደርሳል?"

"የሚመጣው ክረምትም ከሰመረ የዛሬ ዓመት ገደማ። እርግጠኛ ሆኜ ግን አልነግርዎትም።"

ቀዛፊው ጀልባዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ተራውን እሱም ያውቀዋል፤ ያየው ግን በተሳፋሪዎቹ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት መጀመሪያ የመጡት ከላይ አገር ሣር ፍለጋ የወጡ ከብት አርቢዎች ነበሩ። ዝናብ ቀረብን አሉት። ያኔ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ስለነበር በሆዱ "አጋነኑት" አለ። ከወራት በኋላ ጄሪካን የተሸከሙ ሴቶች መጡ፤ ከኮረብታው ሥር ያለው ምንጭ ደርቆባቸው ነበር። ቀጥሎ ገባሩ ወንዝ ዳር ድንች የሚተክሉት ሰዎች የውሃ መሳቢያ ሞተራቸውን ለመሸጥ ተሻገሩ። ያኔም ወንዙ አልጎደለም። እሱም ከቀልቡ አልሰማቸውም። ከዚያ አንድ ጠዋት ሲነሳ ወንዙ መሃል ከዚህ በፊት ያላየው ድንጋይ ጀርባውን አውጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። በወሩ ድንጋዩ ደሴት ሆነ። አሁን ደግሞ የሰፈሩ የጉድጓድ ውሃ ገመድ እያስጨመረ ነው።

እሱን ያንገበገበው ግን ሌላ ነገር ነበር።

ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ማክሰኞና ቅዳሜ የሰፋችውን ይዛ ወደ ገበያ ትሻገራለች። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ የሱም ሚስት ከሞተች ዘጠኝ። ጥቅሏ ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷን ወደሱ አድርጋ ስለ ደንበኞቿ ታወራለታለች፤ ሆዱ ገፍቶ ሳለ "ልኬን አትቀይሪ" ስለሚላት መምህር፣ ቀሚሷን ሦስት ጊዜ ስላስፈታችው ሙሽራ። ወንዙ ሙሉ በነበረበት ጊዜ መሻገሪያው አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ወንዙ ሲጠብ ስምንት ሆነ። ከዚያ አምስት። ቀዛፊው ሲያየው ወሬዋ ሳያልቅ ዳር እየደረሱ ነው። ስለዚህ መቅዘፊያውን ቀስ አድርጎ ማንሳት ጀመረ።

"ዛሬ ደከመህ እንዴ?" አለችው አንድ ቀን።

"ውሃው ከብዶ ነው።"

"ይሄ ውሃ? ይሄማ ሻይ አያፈላም" ብላ ሳቀች። ሳቋን ይዞት አደረ።

ከዚያ ወዲያ ከቤቷ በላይ በእግር የሚያሻግር ቦታ ተገኘ፤ ብዙ ሰው በዚያ መሻገር ጀመረ፣ እሷም። ምን ይበላት? ወንዝ የደረቀባት እሷ አይደለችም፤ ደግሞስ ማን በእግሩ ሊያልፈው በሚችለው ውሃ ላይ ጀልባ ይጠብቃል? ካላያት አራት ወር ሊሞላው ነው። ውሃው ሲመለስ ትመጣለች፣ ውሃው ሲመለስ እነግራታለሁ እያለ ጀልባዋን ሬንጅ ይቀባል።

"ጋሼ፣ ማዶ ያለችውን ልብስ ሰፊ ያውቋት የለ?" አለች ባለሙያዋ፣ የሞተሯን ቁልፍ እየፈለገች። "ዚፔን ታስተካክልልኝ ብዬ ትናንት ሄጄ ዕቃ ስትጠቀልል አገኘኋት። ነገ ጠዋት በአውቶቡስ ልጇ ጋ ከተማ ልትሄድ ነው።"

"ለጥየቃ?"

"መኖሪያዋን ልትቀይር ነው እንጂ። ምን ታድርግ? ገበሬው ካላመረተ ሰርግ የለ፣ አዲስ ልብስ የለ፣ ዩኒፎርምም የአምናው ይበቃል እየተባለ ነው።"

ሞተሩ ተነስቶ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ቀዛፊው ከተቀመጠበት አልተነሳም። ከዚያ ጫማውን አወለቀ፣ ማሰሪያዎቹን አያይዞ አንገቱ ላይ አንጠለጠለ፣ ወንዙ ውስጥ ገባ። ጠጠሩ እግሩን ወጋው። ሃያ ሁለት ዓመት ከላዩ ላይ የኖረ ሰው ከሥሩ ምን እንዳለ አያውቅም ነበር። ሁለት ጊዜ አዳለጠውና በእጁ ተመርኩዞ ተነሳ። ማዶ ሲደርስ ሸሚዙ እስከ ክርኑ ርሷል።

ልብስ ሰፊዋ ደጃፏ ላይ ተንበርክካ፣ በብርድ ልብስ የጠቀለለችውን የስፌት መኪናዋን በገመድ ታጠብቃለች። ቀና ስትል አየችው።

"ካፒቴን! እንዴት መጣህ?"

"በእግሬ።"

"ጀልባህስ?"

"እሷ አቅቷታል።"

ሳቀች፤ ከዚያ እርጥብ እጅጌውን አይታ ሳቋን ገታች። "እንኳን መጣህ። ነገ ይህችን እስከ አስፋልቱ የሚሸከምልኝ ሰው አጥቼ ነበር። አንተ ደግሞ ትከሻ አታጣም።"

እዚህ አካባቢ እሱን ተሸከም ብሎት ያፈረ ሰው የለም። በርሜል፣ ጥጃ፣ ታማሚ፣ አንዴ እንዲያውም ቁም ሳጥን ከነመስታወቱ ተሸክሟል።

"አልሸከምልሽም" አለ።

"ምን አልክ?"

"ሌላ ሰው ፈልጊ። እኔ እንድትሄጂ አልፈልግም።" "ውሃው ሲመለስ እነግራታለሁ ስል ነበር። ውሃው ደግሞ የዛሬ ዓመት ነው አሉኝ።"

ሴትየዋ የገመዱን ጫፍ እንደያዘች ተነሳች። ጎረቤት ቤት በር ተከፍቶ ተዘጋ።

"ይህን ለማለት የሁለት ዓመት ድርቅ ያስፈልግህ ነበር?"

"እኔ እንጃ።"

"ብቀርስ እንዴት ልኖር ነው? ሥራ የለኝም፣ አንተም የለህም።"

"አላውቅም" አለ። እውነቱን ነበር።

ለልብስ እንደምትለካው ደንበኛ ደረቱን ሳይሆን ፊቱን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ከመቀነቷ ስልኳን አውጥታ ለልጇ ደወለች።

"የኔ እናት፣ ነገ መናኸሪያ እንዳትወጪ" አለች። "አይ፣ አላመመኝም። አይ፣ አውቶቡሱም አለ። ቅዳሜ እደውልልሻለሁ፣ ያኔ እነግርሻለሁ።"

ስልኩን ዘጋች። የስፌት መኪናውን ገመድ አልፈታችውም፤ ግን ከደጃፉ ጎትታ ወደ ቤት ልታስገባው ስትታገል ቀዛፊው ጎንበስ ብሎ በዚያኛው ጎን ያዘላት።