የአምሳሉ ታኬታ

ባሌ አምሳሉ ኳስ መጫወት ካቆመ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ለእግሩ ግን የነገረው የለም።

የከተማችን ኮሌጅ የመጀመሪያውን የእግር ኳስ ቡድን ሲያቋቁም የግራ ክንፉ እሱ ነበር። የወደድኩትም ያኔ ነው፤ ከነጭቃው። ጉልበቱ ተጎድቶ ሲያቆም ሳምንት ሙሉ እህል በአፉ አልዞረም። ዘንድሮ ኮሌጁ አሰልጣኝ አድርጎ ሲመልሰው ታዲያ አሮጌ ታኬታውን ከአልጋ ስር አውጥቶ ቀባው።

"አሰልጣኝ ታኬታ ምን ያደርግለታል?" ስለው "ለክብር ነው" አለኝ። ውሸቱን ነው። ልምምድ ላይ ኳሱን ከልጆቹ ይቀማና ራሱ ይጫወታል፤ እነሱ ቆመው ያያሉ። ጨዋታ ላይ ደግሞ ጉሮሮው እስኪዘጋ "ግራ! በግራ!" ይላል።

የኮሌጁ ስፖርት ኃላፊ ወይዘሮ ብርሃኔ ቁርጡን ነገሩት። "አምሳሉ፣ እኛ የቀጠርነው አሰልጣኝ እንጂ አሥራ ሁለተኛ ተጫዋች አይደለም። ለፍጻሜ ካላለፋችሁ ሌላ ሰው እንፈልጋለን።"

ቅዳሜ፣ የግማሽ ፍጻሜው ዕለት፣ ሱቄን ዘግቼ በባጃጅ ከነፍኩ። ጨዋታው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ዜሮ ለዜሮ ነበሩ። የተጋጣሚው አጥቂ ተከላካያችንን አለፈና በመስመሩ ዳር፣ በአምሳሉ ፊት ለፊት ገሰገሰ። ባሌ እግሩን ወደ ሜዳው ሰደደና ኳሱን ነጠቀው! ነጥቆም አላበቃ፣ ለእኛ ልጅ አቀበለ። እንዴት ያለች ኳስ! እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አጨበጨብኩ።

ዳኛው ቀይ ካርድ አወጣበት፤ ለእነሱም ቅጣት ምት ሰጠ። አምሳሉ ከሜዳ ወጥቶ አጥሩ ጋ አጠገቤ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ፅጌ፣ ሥራዬን በገዛ እግሬ አጣሁት" አለኝ። ልቆጣው ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ፤ አንጀቴን በላው።

ቅጣት ምቱን በረኛችን አዳነው። አምበላችን ኤልናታን እንደ ልማዱ ትእዛዝ ፍለጋ ወደ አሰልጣኙ ቦታ ዞረ። ማንም የለም። ትንሽ ግራ ገባው። ከዚያ ጓደኞቹን ጠርቶ በእጁ እያመለከተ የሆነ ነገር ነገራቸው። አምሳሉ ሊጮህ ሲል አፉን በእጄ ያዝኩት።

"ተወው ልጁን!"

ኤልናታን በቀኝ በኩል ሁለት ሰው አልፎ ገባና አገባ። ጨዋታውም በዚያው አለቀ።

አምሳሉ አጥሩን ይዞ አለቀሰ። "እኔ ብኖር በግራ ነበር የምለው" አለ።

ወይዘሮ ብርሃኔ እየሳቁ መጡ። "ፍጻሜውንም ተቀጥተህ ከአጥር ውጭ ነው የምታየው። ከዚያ በኋላስ ማሰልጠን ትጀምራለህ?"

"ዛሬ ጀምሬያለሁ፣ እትዬ።"

እሁድ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ አሳ በልተን ስንመለስ ነጠላ ጫማ ገዛ። ሰኞ ልምምድ ላይ ያንኑ አድርጎ ብቅ ሲል ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። በነጠላ ጫማ ኳስ የሚመታ የለማ! ላየው ሄጄ ነበር፤ ኳሷ ተንከባልላ እግሩ ስር ስትቆም የእግሩ ጣቶች ሲቁነጠነጡ አየሁ። ጎንበስ ብሎ በእጁ አነሳትና ለኤልናታን ሰጠው።

"በየት በኩል እንሂድ፣ ኮች?" አለ ልጁ።

"አንተ በየት ይሻላል ትላለህ?" አለና አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።