ለእጁ ዋስ

ወፍጮው ሲዞር ሰው የሚያወራው እየጮኸ ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ ድንጋዩ ቀስ እያለ ይቆማል፤ የሰው ድምፅ ግን ወዲያው አይወርድም፣ በጩኸት የተጀመረው ነገር ጸጥታው ላይ ይወድቃል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረስኩ ወዲህ ሰቆጣ ውስጥ የያዝኩት ሥራ ይኸው ነው። እህል እቀበላለሁ፣ እፈጫለሁ፣ በመካከሉ ግድግዳውን ተደግፌ ሌላ ቦታ እደርሳለሁ። ያን ጊዜ ሸጌ በስሜ እየቀለደች "ደረሰ ደግሞ ሄደ" ትላለች። ሸጌ ጠላ ሻጭ ናት፤ ለድፍድፉ የማታስፈጨው ነገር የለም።

ዝናሽ የመጣችው ሐሙስ ነው። የማሽላ ስልቻዋን በግራ ትከሻዋ ተሸክማ፣ ቀኝ እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አስጠግታዋለች። የጓደኛዬ የይግዛው ሚስት ናት። ሠርጋቸው ላይ የመጀመሪያ ሚዜ ነበርኩ።

"እጅሽን ምን አገኘው?" አለች ሸጌ፣ ከወፍጮው በላይ እየጮኸች።

"ይግዛው ነው።"

"ነካ አደረገሽ?"

"በዱላ ነው የመታኝ።"

"እሱ እኮ ነው ነካ ማለት። የኔው ሰውዬ አንድ ክረምት ሙሉ ዝም ቢለኝ፣ ታሞብኝ ነው ብዬ ጠበል ይዤው ወጣሁ።"

"ይዤው ወጣሁ" ስትል መብራት ጠፋ። ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጥኛ፣ የሆነ ነገር ጨመረችበትና እንደገና ሳቁ። ሸጌ ራሷ የሳቀችው ከሁሉ ኋላ ነው፣ ዱቄቱን ከጉልበቷ እያራገፈች። ዝናሽ አልሳቀችም። ስልቻዋን አስቀምጣ ወደ እኔ መጣች።

"ወንድማለም፣ እሑድ ሽማግሌ ይቀመጣል። ተጠርተሃል?"

"ተጠርቻለሁ።"

"ምን ልትል ነው?"

በእኛ አገር የመጀመሪያው ሚዜ ለሙሽሪት ወንድም ይሆናል። በሠርጉ ማግስት በሽማግሌ ፊት "እህቴ ናት" ብሎ ይምላል፤ እሷም ከዚያ ወዲያ በስሙ አትጠራውም። ባልና ሚስት ተጣልተው ሴቲቱ ወደ እናቷ ቤት የወጣች እንደሆነ፣ በዕርቁ ቀን እጇን ይዞ ለባሏ የሚመልሳት እሱ ነው። "ዳግም አትወጣም፣ ዋሷ ነኝ" ይላል። ያለ እሱ ቃል ዕርቁ አይዘጋም። ዝናሽ እናቷ ቤት ከገባች ሰንብታለች። እሑድ ያን ቃል ካልኩ በዚያው ዕለት ይግዛው ቤት ትገባለች።

"አላውቅም" አልኳት።

"እንግዲያው እስከ እሑድ እወቅ" አለችና ተራዋን ለመጠበቅ በሩ ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ እጄ ሥራ አልያዘልኝም። የአንዷን ጤፍ በሌላዋ ስልቻ ገለበጥኩ። ብቻዬን ስሆን ነገር የማሳመር ልማድ አለብኝ፤ የምናገረውን አስቀድሜ በሆዴ እለዋለሁ። አሁን ግን የምፈልገውን ስፈልግ የማገኘው ሁሉ ሰው ብሎ የጨረሰው ነው። ትዳር ነው፣ ቻይው። የጓዳ ነገር ደጅ አይወጣም። ቢጠላሽ መች ይቆጣሽ ነበር። አፌ ውስጥ ተደርድረው ተራ የሚጠብቁ ይመስላሉ። ከክፍሌ እወጣለሁ፣ እስከ አስፋልቱ ሄጄ እመለሳለሁ፣ ውኃ ልጠጣ እነሣና ውኃውን እረሳዋለሁ።

እሑድ ከከተማ ወጥቼ በእግሬ ወደ ሰፈራቸው ስሄድ፣ ቁልቁለቱ ላይ ይግዛው አንድ ጠቦት እየጎተተ ደረሰብኝ። አቅፎ ሳመኝ።

"አሁንም ዱቄት ነህ" አለ ትከሻዬን እያራገፈ። "ሚስት ብታገባ ታራግፍልህ ነበር።"

"ይሄ ጠቦት ለዕርቁ ነው?"

"ለዕርቁ። ነጠላም ገዝቼላታለሁ፣ ጥለቱን እሷ የምትወደውን።" ጠቦቱን ወደ መንገዱ መለሰ። "ተናድጄ ነው እንጂ ነካ ነው ያደረግኋት። አንተ ከወፍጮ ጋር ነው የምትኖር፣ ይሄን አታውቀውም።"

"እጇን አይተኸዋል?"

"ኋላ አየሁት።" ጠቦቱ ቆሞበት ገመዱን ሳብ አደረገው። "ደረሰ፣ አንተ ብቻ ዋስ ነኝ በል። ሌላውን እነሱ ይጨርሱታል።"

ይግዛውን እወደዋለሁ። ትምህርት ቤት ሳለን እኔ በሐሳብ መንገድ ስስት ተመልሶ የሚፈልገኝ እሱ ነበር። ጎን ለጎን ስንወርድ ዱላውን በሁለት ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጁን ከነጠቦቱ ገመድ አንጠልጥሎበት ነበር፤ የሁላችንም አረማመድ ነው። እኔ ግን ዓይኔን ከዱላው መንቀል አቃተኝ። እግሬ ያለ ፈቃዴ እየፈጠነ ቀደምኩት።

ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ወይራው ሥር ተቀምጠዋል። በመካከል ቄስ ገብረ አማኑኤል አሉ፤ የይግዛውም የዝናሽም የነፍስ አባት ናቸው። በቀኛቸው የሰፈሩ አንጋፋ ሽማግሌ አያ ጌታሰው። ዝናሽ ከእናቷ ከእማሆይ ወለተ ሚካኤል ጋር ራቅ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

ጸሎት ተደረገ። ቄሱ በለሰለሰ ድምፅ ጀመሩ።

"ልጄ ዝናሽ፣ ባልሽ ምን በደለሽ?"

"መታኝ፣ አባ።"

"መታኝ አይባልም" አሉ አያ ጌታሰው። "ባል ይቆጣል። ተቆጣኝ በይ፣ ለዕርቅ እንዲመች።"

"ሲቆጣማ ሰማሁት፣ አያ። ከዚያ በኋላ ነው የመታኝ።"

አንድ ሽማግሌ አጎንብሶ በጭራው ፈገግታውን ሸፈነ። አያ ጌታሰው አልወደዱትም።

"ምላስሽ ነው እኮ ለዚህ የሚያበቃሽ። ምን ብለሽው ነበር?"

"የዘር እህል ሽጠህ አትጠጣ አልኩት።"

"በሰው ፊት?"

"በወንድሙ ፊት።"

"ይኸው" አሉ፣ የጠፋ ነገር እንዳገኘ ሰው ወደ ሌሎቹ ዞረው። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ ከዚያ ወዲያ በቁልቁለት እንደሚወርድ ውኃ ነበር። ይግዛው ተነሥቶ ጉልበት ስሞ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ነጠላውን ያልብስ፣ ጠቦቱ ይታረድ። እሷ ወደ ቤቷ ትመለስ። እማሆይ ወለተ ሚካኤል "እንደ ቃላችሁ" አሉ፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ።

"ሚዜው" አሉ ቄሱ። "ና፣ እጇን ያዝና ዋስነትህን ተናገር።"

ተነሣሁ። ዝናሽም ተነሣች። ቀኝ እጇን መያዝ ስለማይቻል ግራዋን ያዝኩ። ያሳመርኩት ነገር ሁሉ ጠፋብኝ።

"አባ፣ ዋስ የምሆነው ለምኑ ነው?"

"ዳግም እንዳትወጣ።"

"ብትወጣ?"

"አንተ ትጠየቃለህ። ታውቀው የለ።"

"አውቀዋለሁ። የይግዛው እጅ ዳግም ቢነሣስ፣ የሚጠየቀው ማን ነው?"

አያ ጌታሰው ሳቅ አሉ። "ለባል ዋስ ተጠርቶ ያውቃል? መጽሐፍ አንብቦ መጣብን።"

"ከጠቦቱና ከነጠላው ይልቅ ይሄ ይቅደም ነው የምለው፣ አያ። እኔ ለእግሯ ዋስ ልሁን። ለእጁ አንድ ሰው ይቁምልኝና ወዲያው አስረክባታለሁ።" ወደ ቄሱ ዞርኩ። "አባ፣ እርስዎ የነፍስ አባቱ ነዎት። ከሁላችን በላይ ያውቁታል። እርስዎ ይሁኑለት።"

ቄሱ መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ይግዛውን አዩት፤ ፊቱን ሳይሆን ጉልበቱ ላይ ያረፈውን እጁን። መስቀላቸውን ከአንዱ መዳፍ ወደ ሌላው አዛወሩ።

"በሰው እጅ ላይ እንዴት ይማላል" አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው የሚናገሩ መስለው።

"አያ ጌታሰው፣ እርስዎስ?"

"እኔ በሰው ጓዳ ምን አገባኝ።"

ይግዛው ቀና አለ። እስከዚያ ድረስ ነገሩ የእሱ አልመሰለውም ነበር። ከሽማግሌዎቹ ኋላ የተቀመጠውን አጎቱን አየ፤ አጎቱ ጫማውን ያስር ጀመር። ጎረቤቱን አየ። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አየና ወደ ቄሱ ተመለሰ።

"አባ፣ እርስዎም?"

ቄሱ ቀና አላሉም።

ዝናሽ ግራ እጇን ከእጄ ውስጥ አወጣች፣ በቀስታ። "ለእሱ የሚቆም ካጣችሁ፣ እኔን በምን ዋስ ትመልሱኛላችሁ?" አለች። ቁጣ አልነበረባትም፤ ማወቅ የፈለገች ነው የምትመስለው። መልስ ስትጠብቅ ቆየችና ዞራ መንገድ ጀመረች።

"ትዳር አፍራሽ" አሉኝ አያ ጌታሰው። "ከእንግዲህ አንተ ወዳለህበት ወፍጮ የኔ ቤት እህል አይመጣም። የዚህም ሰፈር።" ሌሎቹ ያለ ምርቃት ተነሡ። እማሆይ ወለተ ሚካኤል ተቀምጠው ቀሩ፤ አንዴ ሽማግሌዎቹን፣ አንዴ የልጃቸውን ጀርባ እያዩ። ከዚያ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ተነሡና ተከተሏት። እኔም ተከተልኩ።

ከወይራው ስንርቅ እማሆይ ልጃቸውን አስቆሙና የታመመውን እጅ ከነጠላው ፈቱት። ብዙ አዩት።

"እኔ ወለምታ ነው ብዬ ነው እኮ በቅቤ ያሸሁት" አሉ። "ይሄ አጥንት ነው።" ወዲያው መልሰው ጠቀለሉት። "እሑድም ቢሆን ጤና ጣቢያ ተረኛ አይጠፋም። ደረሰ፣ አቋራጩን ምራን።"

ዳገቱን ስንጀምር ከኋላ የድንጋይ መንከባለል ሰማሁ። ይግዛው ነው። ጠቦቱንም ነጠላውንም ትቷቸው መጥቷል። ዱላውን ግን ይዟል፤ መያዙንም የሚያውቅ አይመስልም። ዝናሽ አልቆመችም። እናቷ በእሷና በእሱ መካከል ገቡ።

"ደረሰ" አለ ቁና ቁና እየተነፈሰ። "ሌሎቹስ ይሁን። አንተ ታውቀኛለህ። አንተ ዋስ አትሆነኝም?"

የጠየቀኝ ከልቡ ነበር። ዓይኑ ውስጥ ያ መንገድ ስስት የሚፈልገኝ ልጅ አለ። እሺ ማለት እንዴት ይቀል እንደነበር።

"አልችልም፣ ይግዛው" አልኩት። "ብችል ኖሮ እዚያው እልልህ ነበር።"

ሴቶቹ ከፊቴ እየራቁ ነው። ዞሬ ተከተልኳቸው፤ መሮጥ ፈለግሁ፣ ሮጬ እንዳላስደነግጣቸው ተውኩት። እስከ ዳገቱ አናት ድረስ ጆሮዬ ከኋላዬ ነበር፣ የእግሩን ኮቴ እየጠበቀ።