ግማሹን ያነበብኩት ደብዳቤ

ከፎቶ ኮፒ ቤቴ በስተጀርባ ሦስት ኮምፒውተር ደርድሬ ኢንተርኔት በሰዓት ማከራየት የጀመርኩት ኮፒ ብቻውን አላዋጣ ስላለኝ ነው። አናጺው በየመካከሉ የጣውላ ግርዶሽ ሲያቆም “ከፍ አድርገው፣ ሰው ተዝናንቶ ይጻፍ” ያልኩት እኔው ነኝ። ሰው ፊት ጨዋ መምሰል አያቅተኝም።

መስመሩን የዘረጋልኝ ቴክኒሻን ግን የሦስቱም ስክሪን በትንንሹ እኔ ኮምፒውተር ላይ እንዲታየኝ አድርጎልኛል። “ደንበኛ ሲቸገር ከወንበርህ ሳትነሳ ትረዳዋለህ” ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ መጀመሪያ ሰሞን ስንቱን የፎርም አሞላል የጠፋበትን ሰው ረድቻለሁ። ኋላ ገበያ ሲቀዘቅዝ ዓይኔ እዚያው መዋል ጀመረ። የሰው ጓዳ እየከፈትኩ አይደለም፣ ፊቴ ድረስ መጥቶ ነው እያልኩ ራሴን እሸነግላለሁ። ምን አለፋችሁ፣ ለመድኩት።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ በሳምንት አንድ ቀን እየመጣች ሌላ ከተማ ላለች እህቷ ትጽፋለች። በስልክ ሲሆን የምትለው ሁሉ ይጠፋባታል። አንድ ጣቷን ቀስራ ፊደል በፊደል ስለምትለቅም እኔም አብሬያት አነባለሁ። ያን ቀን “ጡቴ ላይ ያለው እብጠት ክፉ ነው አሉኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት በቀዶ ጥገና ያወጡታል” እስከሚለው ደረስኩ። ሆዴ ባባ፤ አልዋሽም፣ እንባዬ መጣ። ወዲያው አንድ ሰውዬ መታወቂያ ኮፒ አድርግልኝ ብሎ ጠረጴዛዬን ደበደበና ተነሳሁ። ስመለስ ደብዳቤውን ልካ ዘግታዋለች።

ከሦስት ቀን በኋላ ልጇ የፈተና መግቢያ ወረቀቷን ልታሳትም መጣች። የትምህርት ቤት የመጨረሻ ፈተናዋ በማግስቱ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። ወረቀቱን እየሰጠኋት፣ ደግነቴ አላስቀምጥ ብሎኝ፣

“እናትሽን አይዞሽ በያት። ቀዶ ጥገና እኮ ዛሬ ቀላል ሆኗል” አልኳት።

“የምን ቀዶ ጥገና ጋሼ?”

ፊቷን ሳየው ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ። “ከሌላ ሰው ጋር ተምታታብኝ” ብዬ ቀባጠርኩ። ልጅቷ ሞኝ አይደለችም፤ ወረቀቷን እንኳ ሳትይዝ ሮጣ ወጣች።

ወረቀቱን ይዤ ደጃፋቸው ድረስ ሄድኩ። ከውስጥ ለቅሶ ስሰማ ማንኳኳት አቃተኝ። በበሩ ሥር አሾልኬው እንደ ሌባ ተመለስኩ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ልብስ ሰፊዋ መጣች። ስድቧን ልቀበል ከወንበሬ ተነሳሁ። ምነው ጮኻብኝ በገላገለችኝ! እሷ ግን ወንበር ስባ ከጎኔ ተቀመጠች።

“እትዬ፣ ይቅር በይኝ፤ እኔ እኮ...”

“እጄ አልታዘዝ ብሎኛል። ዛሬ አንተው ጻፍልኝ” አለችኝ።

ለእህቷ ነው። ቁጭ ብዬ እንዳለችኝ መጻፍ ጀመርኩ።

“እህት ዓለሜ፣ ልጄ ፈተናዋን እስክትጨርስ እንዳትሰማ ብዬ አደራ ያልኩሽ ነገር ከንቱ ቀረ። ሰማች። ይኸው ጓደኞቿ ፈተና ገብተዋል፣ እሷ ግን ብለምናት እንቢ ብላ ሆስፒታል የምይዘውን ልብስ እያጠበች ነው። ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥታ የለፋችበት...”

ደንበኛ መጥቶብኝ ሳላነበው የቀረሁት ግማሽ ይህ ነበር ለካ። ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

“የነገርኳት እኔ እንደሆንኩ ልጻፈው፣ እትዬ” አልኳት።

“ተው። የሰው ደብዳቤ ያነባል ከተባልክ ደንበኛ ይሸሽሃል። አንተም ልጆች አሉህ” አለችና አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። “እንዲህ በል፦ ማን ነገራት ብለሽ አትጠይቂኝ። የሰፈር ሰው ነው። አዝኖልኝ ነው።”

ጻፍኩት። “አዝኖልኝ” የሚለውን ሦስት ጊዜ ተሳስቼ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት፤ እሷም እስክጨርስ ድረስ በትዕግሥት ጠበቀችኝ።