ፈረሰኛው የጌታነህ ነው

ጌታነህ በዚህ ዕድሜው እንዲህ ያለ የምግብ አምሮት ይመጣብኛል ብሎ አስቦ አያውቅም። ያረፉበት ቤት ባለቤት ናፊያ ጠዋት የምታቀርበው በቅቤና በማር የራሰ ቂጣ፣ ቀትር ላይ ሁልበት የሚሏት ከአብሽ የምትመታ ማባያ፣ ማታ የማሽላ ገንፎ ከእርጎ ጋር፤ ኧረ ምኑ ቅጡ! ሽማግሌው ጣቱን እየላሰ ይበላና ቀና ሲል ሚስቱን ያያታል። ተናኘወርቅ አትበላም።

እዚህ ያመጣትም እኮ ለዚሁ ነበር። ሐረር ቤታቸው ተቀምጣ እህል አላስጠጋ ካለች ወራት አልፈዋል። መርሳቱ ቀድሞ ነው የመጣው፤ መጀመሪያ የጎረቤት ስም ጠፋት፣ ቀጥሎ የልጆቿ፣ በኋላም ባሏ ራሱ። ዛሬ ጌታነህን መንገድ ላይ እንዳገኘችው ሽማግሌ “እርስዎ” ነው የምትለው። ይህንንስ ይሁን ብሎ ችሎት ነበር። ያስጨነቀው ምግቡ ነው። ሳህኗን ትቀበላለች፣ በሌላ ሳህን ትከድነዋለች፣ ጥግ ታስቀምጠዋለች፣ አለቀ። ሐኪሙ ለብቻው ጠርቶት፣ “አባባ፣ እንዲህ ከቀጠሉ እናታችን ክረምቱን አይሻገሩም። የሚወዱትን ምግብ ይፈልጉላቸው፤ አየርም ይቀየርላቸው” አለው።

ከሐረሩ ፈረስ መጋላ አደባባይ ባጃጅ ኮንትራት ይዞ ከከተማው ወጣ ወዳለችው ሶፊ አመጣት። ናፊያ ባሏ ከሞተ ወዲህ የእርሻ ቤቷን ክፍሎች ለእንግዳ ታከራያለች፤ ምግቡንም ራሷ ትሠራለች። ሰው ከከተማ እየመጣ የሚያርፍባት ለእጇ ሙያ ነው። የተናኘወርቅን ነገር ስትሰማ፣ “ወላሂ፣ እዚህ መጥቶ ሳይበላ የሄደ የለም” ብላ ነበር። አሁን ግን እሷም ሳህን ባነሳች ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል።

“አባባ ጌታነህ፣” አለችው አንድ ጠዋት፣ “እስኪ ይንገሩኝ፣ እማማ በደጉ ጊዜ ምን ይወዱ ነበር?”

“እሷ? ዶሮ። መብላቱን ብቻ አይደለም፣ መሥራቱን። የሷን ዶሮ ወጥ የቀመሰ ሰው ዓመት ሙሉ ሲያወራ ይከርማል።”

“ታዲያ ምን ችግር አለ? ዶሮው እንደሆነ ግቢውን ሞልቶታል። እርስዎ በእምነትዎ ባርከው ይረዱ፤ ለክርስቲያን እንግዶቼ የማስቀምጠው ድስት አለኝ። ሽንኩርቱን እኔ አቁላላለሁ፤ ብቻ ጨው ቅመሽ አይበሉኝ!” ብላ ሳቀች።

ጌታነህ በስመ አብ ብሎ አረደ። ናፊያ ላባውን ነጭታ መክተፊያው ላይ አጋደመችና ቢላዋ አነሳች። እንደ በግ ሥጋ ልትከትፈው ነው እንግዲህ! በሩ ሥር ተቀምጣ የነበረችው ተናኘወርቅ ብድግ አለች።

“ኧረ በእመቤቴ! ምን ልታደርጊው ነው? ዶሮ እንዲህ ይቆረጣል?”

ቢላዋውን ነጠቀቻት። ወይ ጉድ! ጌታነህ አፉን ከፍቶ ቀረ። የልጇን ስም ያጣችው ሴትዮ መጋጠሚያውን በጣቷ እየዳበሰች ጭኑን፣ ክንፉን፣ ጀርባውን እንደየወጉ ለየች፤ በሎሚና በጨው አሸች፤ በርበሬው አነሰ፣ ቅቤው ገና ነው፣ እሳቱን ቀንሺ እያለች ናፊያን አሯሯጠቻት። ወጡንም መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ጌታነህ ከምድጃው ዳር ቆሞ እንባው መጣ። ተመለሰችልኝ አለ በልቡ፤ በልታ ስትጠግብ ደግሞ እኔንም ታስታውሰኛለች። ሞኝ! ግን በዚያች ሰዓት ሞኝ የማይሆን ባል የት ይገኛል?

ማዕዱ ቀረበ። ናፊያ ከሥጋው ባትበላም ሻይዋን ይዛ አብራቸው ተቀመጠች። ወጡን ያወጣችው ተናኘወርቅ ናት። ለጌታነህ ክንፍ አደረገችለት። ፈረሰኛውን፣ ያን ለአባወራ የሚወጣውን ብልት፣ ከእንቁላል ጋር ለብቻው ሳህን ላይ አኖረችው። ጌታነህ ለሱ መስሎት ልቡ ዘለለ፤ እጁን ሰደደ። ቸብ አደረገችው።

“ኧረ ይተዉ አባቴ! እሱ የባለቤቴ ነው። የጌታነህ ነው።” ሌላ ሳህን አንስታ ከደነችው።

ጌታነህ እጁን ሰበሰበ። “አንቺስ አትበይም?”

“እሱ ሳይመጣ? ምን ሆኛለሁ!” ብላ ሳቀች። “ከተጋባን ጀምሮ እሱ ሳይበላ በልቼ አላውቅም። ሰሞኑን ደግሞ መምጫው ጠፋ። አልዋሽዎትም፣ ርቦኛል። ግን ይመጣል።”

ያን ጊዜ ገባው። ወራት ሙሉ ጥጉ ላይ የተከደነው ሳህን ሁሉ የሱ ነበር። እሱኑ ስትጠብቅ ነው በረሃብ የምታልቀው፤ እሱ ደግሞ አጠገቧ ተቀምጦ ጣቱን ይልሳል!

“ተናኜ፣ እኔ ነኝ። ጌታነህ እኮ ነኝ። ይኸው መጣሁ።”

ፊቷ ተለወጠ። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ናፊያ ተጠጋች። “ምንድን ነው የሚሉት እኚህ ሰውዬ?” አለች ፈርታ። “የኔ ባል ወጣት ነው።”

ናፊያ “ያ አላህ” ብላ በሻርፗ አፏን ሸፈነች።

ጌታነህ ተነሥቶ ወጣ። ግቢው ውስጥ ከማንጎው ዛፍ ሥር ቆሞ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ካሁን ወዲያ ቢምልም ቢገዘትም አታምነውም። እኔ ነኝ ባለ ቁጥር ትፈራዋለች፤ ዝም ካለ ደግሞ እንደተራበች ትሞትበታለች። ፊቱን በባልዲው ውሃ ታጠበ፣ ኮቱን አስተካከለ፣ ተመልሶ ሄዶ በሩን አንኳኳ።

“እንደምን ዋሉ እመቤት?” አለ ከደጃፉ ቆሞ። “ከጌታነህ ተልኬ ነው የመጣሁት።”

የቅድሙን ሽማግሌ ረስታዋለች፤ ፊቷ በራ። “ከጌታነህ? ደኅና ነው?”

“ደኅና ነው፤ ሥራ ይዞት ነው። ምሳዬን እዚሁ በልቻለሁ፣ እንዳትጠብቀኝ፣ በሞቴ ትብላ ብሏል።”

“በሞቴ አለ?”

“በሞቴ አለ።”

እጇን ታጥባ በላች። ኧረ እንዴት ያለ አበላል! በትልልቁ ትጎርሳለች፣ መረቁን ታጠቅሳለች፣ “እንዴት ይጣፍጣል!” ትላለች። ናፊያ እንባዋን እየጠረገች እንጀራ ትጨምርላታለች። ጌታነህ መልእክተኛ ነውና አልተቀመጠም፤ ከበሩ ሥር ሆኖ ስትበላ ያያታል።

ስትጠግብ ቀና አለች።

“ተመልሰው ያገኙታል?”

“አገኘዋለሁ።”

“እንግዲያ ይንገሩልኝ። ለምን ቆየህ ብዬ አልቆጣውም። ምንም አልለውም። ብቻ ቤቱ ይምጣ።”

“እነግረዋለሁ” አለ ጌታነህ።