ሩቂያ መድረክ ላይ እንዳትወጣ

በደርግ ጊዜ የእኛ የመንግሥት እርሻ ሰውን የሚያመሰግንበት መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ መድረክ ላይ አውጥቶ ማስጨብጨብ። በሠራተኞች ቀን ስምህ በድምፅ ማጉያ ይጠራል፣ ደረትህ ላይ ኮከብ ይለጠፋል፣ በሸዋ ሮቢት ፀሐይ ግራ እጅህን ጨብጠህ ወደ ላይ አንስተህ ትቆማለህ። እኔ የጥጥ ለቃሚዎቹ ካቦ ሐምዲያ፣ ይህ ለማን እንደሚጥም አይገባኝም ነበር።

አንድ ዓመት ኮከቧ ከለቃሚዎቼ አንዷ ሩቂያ መሆኗ ከበዓሉ በፊት ሲነገረን እልል ልል ስል፣ ክንዴን ይዛ ወደ ጥጡ ክምር ጀርባ ወሰደችኝ።

"እትዬ ሐምዲያ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ያድኑኝ። አርግዣለሁ።"

ሩቂያ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። በእኛ በይፋት ሰው ሲመሰገን መጀመሪያ "ማሻአላህ" ይባላል፤ ያለዚያ ሙገሳው ክፉ ዓይን ይጠራል። መድረኩ ላይ ግን የአላህ ስም አይነሳም። የቀወት ወረዳ ሕዝብ ሁሉ ሲያያት ይህም ልጅ ይሄድብኛል ብላ ፈርታለች። ሽልማት እምቢ ማለት ደግሞ አብዮቱን እምቢ እንደማለት ነው።

የእርሻው ካድሬ ጓድ ሁሴን የአሊዩ አምባ ነጋዴ ልጅ ነው። ከስልጠና ከተመለሰ ወዲህ ቢስሚላህ ሲል የሰማው የለም። ቢሆንም ሄድኩና ሁሉንም ነገርኩት።

"ይሄ እኮ አጉል እምነት ነው" አለኝ።

"ይሁን። የሚሸለመው እርስዎ ነዎት ወይስ እሷ?" አልኩት ተናድጄ።

እርሳሱን እያሽከረከረ አሰናበተኝ።

በዓሉ ደረሰ። ጓድ ሁሴን ማጉያውን ሲያነሳ "የፈሩት ይደርሳል" አልኩ በልቤ።

"የዘንድሮው ኮከብ" አለ፣ "የጥጥ ለቃሚዎች ቡድን ነው!"

ሴቶቹ ተንጋግተው ወጡ። ስለ ቡድኑ ኮከቡን የተቀበለችው ለቃሚዋ ዓይናለም ጭብጨባው ጥሟት አልወርድም አለች፤ ለካ የሚጥመውም ሰው አለ! ሩቂያ ዛፍ ጥላ ስር ቁጭ ብላ ከሁሉም በላይ ታጨበጭባለች።

ከሰዓት በኋላ ሩቂያ ቤት ተቀምጠን ሳለ ጓድ ሁሴን ብቻውን መጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ ግራ ቀኙን አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ማሻአላህ" አለ መጀመሪያ። "ማሻአላህ ሩቂያ፤ እንዳንቺ ጥጥ የሚለቅም ሰው አላየሁም። እጅሽ ይባረክ። እስክትገላገዪ ድረስ ሥራሽ ጥላ ስር ነው።"

ሩቂያ ፊቷን በሻሿ ሸፍና "አልሐምዱሊላህ" እያለች አለቀሰች። ስትገልጠው ግን ትስቅ ነበር። እኔም ያን ሁሉ ቀን አፍኜ የያዝኩትን ትንፋሽ ለቀቅኩት፤ እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም።

ልሸኘው ስወጣ ጓድ ሁሴን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ጓድ ሐምዲያ፣ ቅድም ያልኩትን ማንም አልሰማም አይደል?"

"ከአላህ በቀር ማንም" አልኩት።